የሕመሜን ዋጋ ቀድሜ አልጠራም

ዓመቱ 2016 ነው፣ ወሩ ሚያዝያ። ዕድሜዬ በመታወቂያው ሰባ ሁለት፤ እናቴ በሕይወት ብትኖር ትንሽ ትጨምርበት ይሆናል። በዚያ ዕድሜ ከማንጎ ዛፍ ላይ ወደቅኩ።

የሚስቅ ይሳቅ። አሶሳ በሚያዝያ ማንጎው መንገድ ላይ ወድቆ ፍየል እንኳ ጠግቦ ያልፈዋል። «ከታች የሚለቀም ሞልቶ ምን ቆርጦህ ወጣህ?» ያላለኝ ሰው የለም። ከላይ ያለው ስለሚጣፍጥ ነው የወጣሁት፤ ሌላ ምክንያት የለኝም። ባለቤቴ ከሥር ሆና፣ «አንተ ሰውዬ፣ በስተርጅና ጦጣ መሆን አማረህ?» አለችኝ። መልስ ልሰጣት ዞር ስል ቅርንጫፉ ቀጭ አለ። የቀኝ ጭኔ አጥንት ለሁለት ተሰበረ። ማንጎው ምንም አልሆነም።

«ወጌሻ ጥሩልኝ» ብዬ ጮህኩ፤ የሰማኝ የለም። ሆስፒታል ወሰዱኝ፣ አስተኝተው ቀደዱኝ፣ ብረት ከተው ሰፉኝ። እስከዚህ ድረስ ደህና ነበር፤ አላወቅኩትማ። ጣጣው የመጣው ስነቃ ነው።

ሐኪሞቹ የነገሩኝ አጭር ነው። «አባባ፣ ቶሎ ተነስተው መራመድ ካልጀመሩ እግርዎ ይደርቃል፣ ጀርባዎ ይቆስላል፣ ሳንባዎም ይታመማል። እንደተኙ ሊቀሩ ይችላሉ።» ይህን ልጄም አብሮ ሰማ። ልጄ የሚኖረው ባምባሲ ነው። ጥሩ ልጅ ነው፤ እኔን ያስፈራኝም ጥሩነቱ ነው።

«አባዬ፣» አለኝ፣ «አንተ ካልተነሳህ እናቴ ብቻዋን አትችልህም። ፍየሎቹን ልሽጣቸው፣ ቤቱን እናከራየው፣ እኔ ጋ ኑሩ።»

«ማን ይገዛሃል?»

«ገዢ አግኝቻለሁ።»

ባምባሲን አልጠላውም። ግን ባምባሲ የልጄ ቤት ነው። እኔ በድርቁ ጊዜ ከወሎ ተነቅዬ ስመጣ ይህ ሁሉ የቀርከሃ ዱር ነበር። ቤቴን በዚያው ቀርከሃ አቆምኩ። ያንን የጣለኝን ማንጎ እንኳ በእጄ የተከልኩት እኔ ነኝ። ፊደልም የቆጠርኩት እዚያው ሠፈራው ላይ፣ ከእርሻ መልስ፣ እያንቀላፋሁ ነው፤ ጽሑፌ ቢንጋደድ አትፍረዱብኝ። አንድ ጊዜ የተነቀለ ሰው ሁለተኛ መነቀል አይወድም። ነገሩ ለእኔ እንዲህ ነበር፤ ከቆምኩ ወደ ቤቴ፣ ካልቆምኩ ወደ ባምባሲ።

መቆም ግን አልቻልኩም። ያማል። ያማል ብዬ ደግሞ አልናገርም።

ለምን ብትሉ፣ ዕድሜ ልኬን የፍየል ደላላ ነኝ። በእኛ ገበያ ቀድሞ ዋጋ የጠራ ተበላ። ገዢ ከሆንክ ዝቅ አድርገህ ትጀምራለህ፣ ሻጭ ከሆንክ ከፍ። እውነተኛው ዋጋ ሆድህ ውስጥ ይቀመጣል፤ ሚስትህም አታውቀው። ስለዚህ ዶክተሯ በመጀመሪያው ቀን ተማሪዎቿን አስከትላ መጥታ፣ «አባባ፣ ሕመምዎን ከዜሮ እስከ አሥር ቁጥር ቢሰጡት ስንት ይሆናል? ዜሮ ምንም አላመመኝም ነው፣ አሥር ደግሞ ከዚህ የባሰ የለም ነው» ስትለኝ፣ ምላሴ ወደ ለመደበት ሄደ።

«አንቺ ስንት ትያለሽ?»

«እኔን አላመመኝም እኮ፣ አባባ» ብላ ሳቀች።

«እንግዲያው ሁለት።»

ጻፉት። ለሁለት የሚሰጠውንም ሰጡኝ፤ ራስ ምታት ሲይዘን የምንውጠውን ዓይነት ክኒን። ከዚያ ፊዚዮ የሚሉት ደንዳና ጎረምሳ አራት እግር ያለው የብረት መደገፊያ ይዞ መጣ። ሰውን ማስነሳትና ማራመድ የእሱ ሥራ ነው።

«አባባ፣ ሁለት ነው ያሉት አይደል? በሉ እንነሳ።»

እግሬን ከአልጋው ዝቅ ሲያደርጋት ዓይኔ ጨለመ። የአልጋውን ብረት ጨበጥኩና አልለቅም አልኩ።

«ፈርተው ነው» አለ።

«እኔ? ወጣት ሆኜ ብታገኘኝ ኖሮ ፈሪውን እናይ ነበር!» አልኩት። አፌ ተነሳ እንጂ እኔ አልተነሳሁም። ልጄ በር ላይ ቆሞ ያያል፤ ስልኩን ያወጣል፣ መልሶ ይከታል።

ከድለላው ሌላ ደግሞ የጎረቤቴ ልጅ ነገር አለ። ወርቅ ቁፋሮ ሄዶ ነበር። ቀኑን ሙሉ ጉድጓድ ውስጥ ጎንበስ ብሎ ሲቆፍር ወገቡን ያመዋል። አንዱ፣ «ይቺን ዋጥ፣ ድካም የሚባል አታውቅም» ብሎ ትራማዶል የሚባል ማስታገሻ ሰጠው። ዋጠ፣ ወገቡ ተሻለው። ከዚያ ወገቡን ሳያመውም ይውጥ ጀመር። ዛሬ ሲያጣው ይንቀጠቀጣል፣ ያልበዋል፣ ያገኘውን አንስቶ ይሸጣል። አንድ ጊዜ ዶሮ ሊሸጥልኝ ቤቴ ድረስ መጣ። ዶሮዋ የእኔው ነበረች። ስለዚህ ነርሷ፣ «አባባ፣ ካመመዎት ከበድ ያለ ማስታገሻ አለ» ስትለኝ፣ «እሱን ለጠላቴ!» አልኳት።

በሦስተኛው ቀን ጠዋት ልጄ አጠገቤ ተቀምጦ፣ «ገዢው ነገ ጠዋት መኪና ይዞ ፍየሎቹን ሊወስድ ነው» አለኝ። ፊቴን ወደ ግድግዳው አዞርኩ። ማዞር የምችለው እሱን ብቻ ነበር።

ዶክተሯ ከተማሪዎቿ ጋር የገባችው ያን ጊዜ ነው። ከሌላ ክልል ተመድባ የመጣች፣ ቀጠን ያለች፣ ድምጿን ከፍ የማታደርግ ሴት ናት። ግንባሬን ዳሰሰች፤ ላብ ነው። የልቤን ምት ቆጠረች። እጄ የአልጋውን ብረት እንዴት እንደጨበጠ አየች።

«ወረቀቱ ሁለት ይላል፣» አለቻቸው። «ሁለት ያመመው ሰው እንዲህ ያልበዋል?»

ተማሪዎቹ አንገታቸውን አስግገው ወረቀቱን አዩ።

«ዛሬ ትምህርቱ እዚሁ ነው። ስለ ከባድ ማስታገሻና ስለ ሱስ። በአማርኛ። እንግሊዝኛውን ፈተና ላይ ትጽፉታላችሁ። የምታስረዱት ለእኔ አይደለም፣ ለአባባ ነው። እሳቸው ካልገባቸው ወድቃችኋል።»

«ፈታኙ እኔ ነኝ?» አልኳት።

«እርስዎ ነዎት።»

«ማርኩንም የምሰጠው እኔ ነኝ?»

«እርስዎ።»

ተኝቼ ተሾምኩ። ባለቤቴን ትራሱን ከፍ አድርጊልኝ አልኳት።

መጀመሪያ አንዲት ፈጣን አፍ ያላት ልጅ ወደ ፊት ወጣች። «አባባ፣ ሞርፊን የሚባል መድኃኒት አለ። ኦፒዮይድ ከሚባሉት ወገን ነው፤ ትራማዶልም የእነሱ ዘመድ ነው፣ እና ሕመምን...»

«ቆይ! ትራማዶል አልሽ?»

«አዎ፣ ግን አይዞዎት! ሐኪም ሲያዘው ሱስ አያስይዝም።»

«የጎረቤቴን ልጅ ታዲያ ምን ያዘው? ጂኒ?»

የዶሮዋን ነገር ሳይቀር ነገርኳቸው። ልጅቷ ዶክተሯን አየች። ዶክተሯ ጣሪያውን አየች።

ቀጥሎ አንድ ረጅም ልጅ ስልኩን አወጣና እያነበበ ይተረጉም ጀመር። «ይህ መድኃኒት... አንጎል ውስጥ ባሉ... ተቀባዮች ላይ...» ዶክተሯ፣ «ስልኩ አልታመመም፣ ሰውየውን እየው» አለችው። ሲያየኝ ቃሉ ሁሉ ጠፋበት። አሳዘነኝ። «አብሽር ልጄ፣» አልኩት፣ «እኔም ገበያ የወጣሁ ዕለት አፌ ተይዟል።»

ከሁሉም ኋላ ዝም ብሎ የቆመ ልጅ ነበር። የዚሁ አገር ልጅ ነው፣ ከበርታ ብሔረሰብ። አማርኛን የለመደው ትምህርት ቤት ስለሆነ «እርስዎ» ማለት ይቸግረዋል፣ ወንድና ሴቱንም ያምታታል፤ ግድ አልሰጠኝም።

«አንተስ?» አለችው ዶክተሯ።

«እኔ አላስረዳም። ልጠይቅ።»

ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ሌሎቹ ሁሉ ከላይ ሆነው ነበር የሚያወሩኝ። «አሰላሙ ዐለይኩም፣ አባባ» አለኝ፤ መለስኩለት። ደህና አደርክ፣ ቤተሰብ ደህና፣ ልጆች ደህና፣ ሁሉንም አዳረሰው። ከዚያ፣ «ፍየል ስንት አለህ?» አለኝ።

«ለምን ትጠይቃለህ፣ ልትገዛ ነው?»

ጭኑን መትቶ ሳቀ። «ይኸው! አባባ፣ እኔ የነጋዴ ልጅ ነኝ። አባቴ ጠረፍ ላይ ሰሊጥ ይነግዳል። ዋጋ ስትጠይቀው መልስ የለም፤ ‹አንተ ስንት ትላለህ?› ይላል። አንተ ለዶክተር እንደዚያ አልክ። ሁለት የገበያ ነው፣ መጀመሪያ የሚጠራ። የሕመሙ አይደለም።»

ባለቤቴ ከእግርጌዬ ሆና፣ «ወላሂ ደረሰበት!» አለች።

እኔ ግን እንዲህ በቀላሉ አልያዝም። «እሺ፣ አንተ ስንት ትላለህ?»

«እኔ? ዘጠኝ እላለሁ።»

«ዘጠኝማ አይደለም! ስምንት ነው!»

አምልጦኝ ነው። ከፍ አድርጎ ሲጠራብኝ ዝም ማለት አልቻልኩም፤ ዝም ብሎ የሚያውቅ ደላላ አለ? ተማሪዎቹ በሳቅ ፈረሱ። በወዲያኛው አልጋ ላይ ያለው በሽተኛ ሳይቀር ሳቀና ቁስሉን ይዞ «ወይኔ!» አለ። ዶክተሯ ሁለትን ሰርዛ ስምንት ጻፈች።

«ስምንትም ቢሆን አልውጥም» አልኳቸው፣ ሳቁ ሲያልቅ። «እግሬ ድኖ ልቤ ከሚታሰር ባምባሲ መሄድ ይሻለኛል።»

ልጁ አልተቆጣም፣ «አይዞህ»ም አላለኝም። «የጎረቤትህ ልጅ መድኃኒቱን ማን ሰጠው?» አለኝ።

«እኔ ምን አውቃለሁ፣ አንዱ ቆፋሪ።»

«ስንት እንደሚውጥ ማን ለካለት?»

«ራሱ።»

«ወገቡ ሲሻለው አቁም ያለው ሰው አለ?»

«ማን ይለዋል? እናቱም አታውቅ።»

«እንግዲህ አባባ፣ እኔ አልዋሽህም። ይሄ መድኃኒት ሱስ ያስይዛል። ብቻህን ከሆንክ፣ ልክ ከሌለው፣ ብዙ ጊዜ ከቆየ፣ ያስይዛል። ለጥቂት ቀን፣ በልክ፣ እኛ እያየንህ ከሆነ አደጋው ትንሽ ነው። ትንሽ አልኩ፤ የለም አላልኩም። አጥንቱ እየጠገገ ሲሄድ እኛም እየቀነስን እንሄዳለን፣ ከዚያ ይቆማል።»

እዚህ ላይ ነው የያዘኝ። ገበያ ውስጥ አንድ ሰው መጥቶ፣ «ይቺ ፍየል ጆሮዋ ትንሽ ቁስል አለው፣ እየው» ካለህ፣ ስለ ቀረው ፍየል የሚነግርህን ታምነዋለህ። ምንም እንከን የላትም የሚልህን ግን ጥርሷን ከፍተህ ማየት አለብህ። ያቺ ፈጣን አፍ ያላት ልጅ እንከን የላትም ነው ያለችኝ።

«የሚጠየቅ ደግሞ አለ» አለ ልጁ። «መጠጥ ትጠጣለህ?»

«አልጠጣም።»

«ትንባሆ?»

«ድሮ ትቼዋለሁ።»

«ጫት?»

«ጁምዓ ብቻ።»

«እንዲያው ጁምዓ በሳምንት ስንቴ ነው የሚመጣው?» አለች ባለቤቴ። አሁንም ሳቁ። ዶክተሯ ግን አልሳቀችም፤ «ተማሪዎች፣ ይህን ጥያቄ የምንጠይቀው ልንፈርድ አይደለም» አለች። «ቀድሞ የለመደው ነገር ያለ ሰው ይበልጥ መጠንቀቅ ስላለብን ነው። ‹ሱሰኛ ነው› ብላችሁ ማስታገሻ አትከለክሉትም፤ ‹ምንም የለም› ብላችሁም ዝም ብላችሁ አትሰጡትም።»

ባለቤቴ ያን ጊዜ ነገሩ ገብቷት ወደ ፊት ቀረበች። «ሌላስ ምን ያመጣበታል? ሁሉንም ንገሩኝ፤ ቤት ይዤው የምገባው እኔ ነኝ።»

ልጁ ወደ ጓደኛው ዞሮ፣ «ለባለቤቱ አንቺ ንገረው» አላት። ያቺ ፈጣን አፍ ያላት ልጅ አፍራ ነበር፤ አሁን ግን ቀስ ብላ ተናገረች። «እናቴ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ሊለው ይችላል፣ ሊያቅለሸልሸው ይችላል። ሆዱን ያደርቀዋል፤ ለእሱ ሌላ መድኃኒት አብረን እንሰጣለን፣ ውሃም ይጠጣ። ዋናው ግን ልክ ከበዛ ትንፋሽን ያዘገያል። ቀስቅሰውት አልነቃ ካለ፣ ትንፋሹም ከተራራቀ፣ ቶሎ ይጥሩን። ለሌላ ሰው ደግሞ ከእሱ ክኒን አንድም አይስጡ፤ ጎረቤት ወገቤን አመመኝ ቢልዎትም።»

«ይሄ ደህና ነው» አልኩ። «አሁን ጥርሷን አየሁ።»

ልጅቷ አልገባትም፤ ነጋዴው ልጅ ግን ሳቀ።

እኔ ግን ሌላ ነገር ሆዴ ውስጥ ቀርቶ ነበር። «ያ የጎረቤቴ ልጅስ?» አልኩ ዶክተሯን። «እሱን ምን ትሉታላችሁ?»

«በሽተኛ እንለዋለን።»

«ዶሮ የሚሰርቅ በሽተኛ?»

«አዎ፣ ዶሮ የሚሰርቅ በሽተኛ። ሌባ ከተባለ ይደበቃል፤ ከተደበቀ ብቻውን ይውጣል። በአንድ ቀን አቁም ማለትም ያሰቃየዋል። እናቱ ታምጣው፤ ቀስ እያልን እንሞክራለን።»

ዶሮዬን የሰረቀ ሰው እኔ አልጋ ላይ ሆኜ በሽተኛ ሲባል ደስ አይልም። ግን ሲያጣው የሚንቀጠቀጠውንና የሚያልበውን አሰብኩ፤ እኔም ያን ዕለት ሸሚዜ በላብ ርሶ ነበር። ባለቤቴ በኋላ ለእናቱ ነገረቻት። መጣ፣ ጠፋ፣ ደግሞ መጣ። አሁንም እንደዚያው ነው፤ ሲመጣ ግን ሰላም እለዋለሁ፤ ዶሮዎቹንም አስገባለሁ።

«እንግዲህ ፈታኝ፣» አለችኝ ዶክተሯ፣ «ማን አለፈ?»

«የነጋዴው ልጅ አልፏል። ስልኩን የያዘው ይድገም። ይቺ ደግሞ...»

«አባባ!» አለች ልጅቷ።

«አንቺ ግማሽ ነሽ። መጀመሪያ የዋሸሽኝን ቀንሼ፣ ለባለቤቴ የነገርሻትን ጨምሬ። አፍሽ ገበያ ቢወጣ ያተርፍ ነበር፤ ግን ገዢሽ ሁለተኛ አይመለስም።»

«እርስዎስ አለፉ?» አለችኝ መልሳ። «ይወስዳሉ?»

ልጄ ይህ ሁሉ ሲሆን በር ላይ ነበር። ሁሉም እኔን ያያሉ። የጎረቤቴ ልጅ ፊት ይመጣብኛል፤ የልጄ ስልክም ይታየኛል። ሁለቱንም ፈራሁ። ስንት ዓመት በሰው ገንዘብና በሰው ፍየል መካከል ቆሜ ስፈርድ ኖሬ፣ በራሴ ጭን ላይ መፍረድ አቃተኝ።

«ግማሹን ልውሰድ» አልኩ።

«አይቀነስም» አለኝ ነጋዴው ልጅ። «ይሄ ገበያ አይደለም፣ አባባ። ዶክተር ከትንሹ ነው የጀመረው። ከበዛ እኛ እንቀንሳለን፤ አንተ አትቀንስም።»

«ትንሽ እንኳ?»

«ትንሽ እንኳ።»

እንዲህ ያለ ድርቅ ያለ ሻጭ አይቼ አላውቅም። ባለቤቴ፣ «ኧረ ዋጠውና ነገር ይለቅ!» አለች። ነርሷ ለካችው፣ ዋጥኩ። መራራ ነው። ነጋዴው ልጅ አጠገቤ ተቀምጦ ትንፋሼን እየቆጠረ ቆየ። መቁጠሩን እንዳላየ ሆኜ ስለ አባቱ ሰሊጥ ጠየቅኩት፤ ስለ ሰሊጡ ነገረኝ፣ ዋጋውን ግን አልነገረኝም። ሕመሙ አልጠፋም። ግን ጭኔ ላይ ተቀምጦ የነበረው ነገር ተነስቶ ወንበር ላይ እንደተቀመጠ ሆነ፤ አለ፣ ግን ከእኔ ራቅ ብሎ። ከሦስት ቀን ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ የአልጋውን ብረት ለቀቅኩ። ማታም ተኛሁ።

በማግስቱ ጠዋት ነርሷ የሚገባኝን መድኃኒት ሰጠችኝ። ቆይቶ ያ ደንዳና ጎረምሳ መደገፊያውን ይዞ መጣ። «አባባ፣ ዛሬ ስንት ነው?» አለኝ። «አራት፣» አልኩት፣ «አትከራከረኝ።» እግሬን ዝቅ አደረገ። አመመኝ፣ ግን ዓይኔ አልጨለመም። ብረቱን ያዝኩ። ባለቤቴ ከኋላ ነጠላዬን ይዛለች፤ ብወድቅ በነጠላ ልታቆመኝ። ቆምኩ። ጎረምሳው፣ «ይበቃል፣ አሁን ይቀመጡ» አለ። ልጄ ከበሩ ውጭ በረንዳው ላይ በስልክ ሲያወራ ይሰማኛል፤ «አዎ፣ መኪናውን ይዘህ ና፣ ቤቱን አሳይሃለሁ» ይላል። አልቀመጥኩም። መደገፊያውን ገፋሁ፣ ደህናውን እግሬን አስከተልኩ፣ ሌላውንም ጎተትኩ። በሩ ጋ ስደርስ ልጄ ዞር ብሎ አየኝና አፉን እንደከፈተ ቀረ። አንድ እጄን ከብረቱ አንስቼ ስልኩን ከጆሮው ወሰድኩት።

«የሚሸጥ ፍየል የለም» አልኩት ሰውየውን። «ባለቤታቸው ወደ ቤቱ እየመጣ ነው።»

ስልኩን ለልጄ መለስኩለትና ወደ አልጋዬ ለመመለስ ዞርኩ። ከመሄዱ ይልቅ መዞሩ ነበር የከበደኝ።